ኮከቤን ልገድል የወረድኩ ዕለት

ሰው ሲያረጅ የሚያስደነግጠው ነገር ይቀንሳል የሚሉኝን ሰዎች እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ አምናቸው ነበር። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ የአንድ ቦርሳ ዚፕ እቀይራለሁ። የቦርሳው ባለቤት ትግስት የምትባል፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ልጅ ናት፤ ከወንዝ ወንዝ ስትዞር አሸዋ እየገባበት ዚፑ በየወሩ ይበላሻል፣ እኔም በየወሩ እየተቆጣሁ እሠራላታለሁ። እስክጨርስ ድረስ አጠገቤ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጠችና ከሌላ ከረጢት ክዳን ያለው ብልቃጥ አውጥታ የስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ውስጡ ውሃ የመሰለ ነገር ሞልቷል። በውሃው ውስጥ እግሮቹን አጣጥፎ፣ ሁለቱን መቀሶቹን ደረቱ ላይ ሰብስቦ አንድ ሸርጣን ተቀምጧል። የያዝኩት መርፌ ጣቴ ውስጥ ገባ።

«ጋሼ አዳነ፣ ይኸን ያውቁታል?» አለችኝ።

ሸርጣን ነው አልኳት። በመርፌው የደነገጥኩ መስሏት መሐረብ ልትሰጠኝ ፈለገች፤ ተይው አልኳት። እሷም ሥራዋን ታስረዳኝ ጀመር። ከጉና የሚወርዱትን ጅረቶች አንድ ባንድ እየዞረች በውስጣቸው የሚኖረውን ነገር ሁሉ ትመዘግባለች። በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ አለ ቢሉን እንስቅ ነበር፤ ዛሬ ደሞዝ ይከፈልበታል። ይኸ ሸርጣን የዚሁ የኛው ደጋ ተወላጅ ነው አለችኝ፤ ከየትም አልመጣም፤ ድንጋይ ያለበት ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል። በየጅረቱ አግኝታዋለች። ከከተማው በታች በምትፈሰው በቀጭን ውሃ ግን ሦስት ጊዜ ተመላልሳ፣ ድንጋይ ስትገለብጥ ውላ፣ አንድም አጣች። እንደ ዓሣ እንቁላሉን ጥሎ የሚሄድ ፍጥረት አይደለም፤ እናቲቱ ልጆቿ ቆመው እስኪሄዱ ድረስ ሆዷ ሥር ይዛቸው ትዞራለች፤ ስለዚህ ካንድ ጅረት አንዴ ከጠፋ ከሌላው ጅረት ቶሎ ተሻግሮ አይመጣም። «አንድ ነገር በአንድ ቀን ጨርሷቸዋል» አለች ብልቃጡን በጣቷ እያዞረች። የቱ ቀን እንደሆነ አውቃለሁ። እሁድ ነበር። ዚፑን መልሼ ያዝኩ።

ዛሬ ከበረንዳዬ ሥር አስፋልት ነው፤ ባጃጁ ሲንጫጫ ይውላል፤ የተሰፋ ልብስ በጆንያ እየመጣ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል፤ እኔም ዚፕ ቀያሪ ሆኛለሁ። ያኔ ግን ይኸው በረንዳ የአያ ሰይድ ነበር፣ እኔም የሳቸው ተማሪ። አራት የእግር መኪና ባንድ ረድፍ ቆሞ ሲንኳኳ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ይሰማል። ሻይ ባሥር ሳንቲም ነው፤ ከነዳቦው ስሙኒ። ሱሪ በሦስት ብር እንሰፋለን፤ ቤልቦተም ከሆነ ትንሽ ጭማሪ አለው፣ ምክንያቱም እግሩ ሥር ያለው ስፋት ሌላ ሱሪ ይወጣዋል። አስተማሪዎቹ ሁሉ ቤልቦተም ለባሽ ነበሩ፤ በክረምት ጭቃውን ጠራርገው ነበር የሚሄዱት። ሻይ ቤቱ ሸክላ ማጫወቻ ነበረው፤ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከባሕር ዳር ያመጣው፣ ስለ ዐይን የተዘፈነ ዘፈን ሲጀምር አራታችንም መኪናችንን እናቆም ነበር። አያ ሰይድ አይቆጡም፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ብቻ ሳል ይላሉ።

አያ ሰይድ አዲስ አቡጀዲ ሳይነከር አያስቆርጡም። ያልተነከረ አቡጀዲ ከተሰፋ በኋላ ሲታጠብ ያጥርና ያዋርዳል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ጣቃውን ተሸክሜ ቀጭን ውሃ እወርዳለሁ፤ ጨርቁን ውሃው ውስጥ ዘርግቼ ድንጋይ እጭንበትና እስኪርስ እቀመጣለሁ። ከጅረቱ ራስ ላይ ምንጭ አለ፤ የታችኛው ሰፈር ሴቶች ውሃ የሚቀዱት ከዚያ ነው። ምንጩም ጅረቱም ሸርጣን በሸርጣን ነበር። ድንጋይ ሲያነሡ በጎን እየሮጡ ወደሌላው ድንጋይ ይገባሉ፤ ጀርባቸው የተጠበሰ ገብስ የመሰለ ቡናማ ነው። ማንም አይነካቸውም። መብላቱ በሃይማኖታችን የለም፤ ደግሞም የምንጩን ዐይን ቆፍሮ የሚከፍተው ሸርጣን ነው ብለው ያምናሉ። አንድ ቀን ጨርቄን ልሰበስብ ስጎትት አልመጣ አለኝ፤ አንዷ ጫፉን በመቀሷ ይዛዋለች። ስጎትት ትጎትታለች። እንስራዋን አስቀምጣ የምታየኝ ልጅ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ወደ ውሃው ገብታ ሸርጣኗን ከኋላዋ ያዘችና ቀስ ብላ አላቀቀቻት። እኔ ስረግም ሰምታ፣ «እሷ ምን አጠፋች? ቤቷ ያገኘችውን ነው የያዘችው። አንተ ነህ ጨርቅህን ቤቷ ያስገባህ» አለችኝ። አስካል ትባላለች። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን የነበረው ንከራ አራት ቀን ሆነ፤ አያ ሰይድም ዘንድሮ አቡጀዲው ምን ነካው እያሉ ይገረሙ ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እሷ ሃያ። እኔን ወዳኛለች፤ ይኸን ዛሬም ስጽፈው ልቤ ይመታል። ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ ልጁን አልጠላሁትም፣ ግን ኮከባቸው ይታይ አሉ። ለኮከብ የሚኬደው መሪጌታ ጥበቡ ዘንድ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ መቋሚያቸውን ሁሌ በግራ እጅ የሚይዙ ሰው ነበሩ። የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል ይቆጥራሉ፣ በአሥራ ሁለት ይገድፋሉ፣ በቀረው ኮከቡን ይናገራሉ። ሽማግሌዎቹ ስሜን አዳነ፣ የእናቴን ስም አትጠገብ ብለው ሰጡ። የመጣው መልስ ይኸ ነው፦ የልጂቱ ኮከብ አሰድ፣ እሳት፤ የልጁ ኮከብ ሸርጣን፣ ማይ። ማይ በግዕዝ ውሃ ማለት ነው። ውሃና እሳት ባንድ ቤት አይኖሩም ተባለና በዚያው ጥር አስካል ሐሙሲት ላለ ነጋዴ ተዳረች። ልብሷን የሰፋነው እኛው ነን። እጅጌውን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

አሁን የምጽፈውን ለሚስቴም ነፍሷን ይማርና አልነገርኳትም። በዚያ ሰሞን አእምሮዬ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበር፣ ሸርጣን። ከጨርቄ ጫፍ ላይ አስካልን ያመጣልኝ እሱ፣ ከመጽሐፍ ውስጥ ወጥቶ የወሰዳትም እሱ። መሪጌታ ሸርጣን ማይ ያሉት የሰማዩን ነው፤ እኔ ግን የኮከብ ነገር ከየት ላውቅ፣ ማይ ውሃ ነው ሲሉ የኛው ቀጭን ውሃ መሰለኝ። ኮከቤ ያለው እዚያ ድንጋይ ሥር ነው ብዬ አመንኩ። ከሌለ ኮከብ የለኝም፤ ኮከብ ከሌለኝ ደግሞ ማንም ከማንም ጋር አይስማማም ሊለኝ አይችልም። ይኸን ያሰበው ቤልቦተም የሚለካ፣ ጋዜጣ የሚያነብ ጎልማሳ ነው። በሐሙሲት ገበያ ቀን በጭነት መኪና ሄጄ ከዓሣ አጥማጆች ብርብራ ገዛሁ። ብርብራ የዛፍ ፍሬ ነው፤ ወቅጠው ውሃ ላይ ሲበትኑት ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ሐሙሲት ስደርስ የአስካልን ቤት ላለማየት መሬት መሬት እያየሁ ነበር የሄድኩት።

እሁድ ረፋድ፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ የወቀጥኩትን በከረጢት ይዤ ወረድኩ። የበጋ ውሃ ስለሆነ ቀጥኗል። ምንጩ አፍ ላይ ሆኜ ከረጢቱን ድንጋይ ላይ እየመታሁ አራገፍኩት፤ ነጭ አረፋ ይዞ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ መውጣት ጀመሩ። ከየድንጋዩ ሥር ወጥተው ደረቁ ላይ ይወጣሉ፣ በጎን መሄድ አቅቷቸው እየተንገዳገዱ ባንድ ቦታ ይዞራሉ። ይኸን ያህል እንዳሉ ማንም አያውቅም ነበር። አንዷ እግሬ አጠገብ በጀርባዋ ወደቀች። ሆዷ ሥር የኑግ ፍሬ የሚያክሉ፣ እግርና ዐይን ያላቸው ልጆች ተጣብቀዋል፤ እየለቀቁ አንድ ባንድ ድንጋዩ ላይ ይራገፋሉ። እሷ ግን በዚያ ሁኔታዋ መቀሶቿን ወደኔ አንሥታ ነበር። ከረጢቱን ጥዬ ሮጥኩ። ቁጣዬ ሁሉ እዚያው ቀረ። ኮከቤ መሞቱን ለማየት ሄጄ ያየሁት የልጆች እናት ነው።

ማታውኑ አገር ተሰማ። ሴቶቹ ለሳምንታት ከዚያ ምንጭ መቅዳት ፈርተው ሩቅ ይሄዱ ነበር። ማን አደረገው ሲባል የሁሉም ዐይን መሪጌታ ላይ አረፈ፤ ምክንያቱም ለመድኃኒት አንዳንድ ጊዜ የሞተ ሸርጣን ቅርፊት ሲለቅሙ ያያቸው ሰው ነበር። ደብተራው ውሃው ላይ ደግሞበት ነው ተባለ። መጀመሪያ ሰሞን መሪጌታ አጥብቀው ካዱ፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ፊት ቆመው እጄ የለበትም ብለው ማሉ። ከዚያ ካንድ ሳምንት ወዲያ ግን ድንገት ዝም አሉ። ሲጠየቁ አንገታቸውን ይደፋሉ እንጂ አይመልሱም። ዝምታቸውን ሰው እንደ ማመን ቆጠረው። ማኅበር አይጠሯቸውም፣ ሰላምታም ይነፍጓቸው ጀመር። እኔስ? እኔ ደስ አለኝ። ይኸንንም መጻፍ አለብኝ። አስካልን የከለከለኝ ሰው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያው ሰሞን እናቴ አንድ ነገር እየሳቀች ነግራኝ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መሪጌታ መንገድ ላይ አስቁመዋት፣ አባትሽ ማን ብሎ ነበር የሚጠራሽ አሏት። ደብሪቱ አለቻቸው። አትጠገብ ባል ቤት ስትገባ አማቷ ያወጡላት የሙሽራ ስም ነው፤ በኛ አገር ሙሽራ እንዲህ ስሟ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤትም ባልም ልጅም በዚያ ስም ስለሚጠራት የመጀመሪያውን የሚያስታውስ አይኖርም። መሪጌታም ደብሪቱ ደብሪቱ ብለው ሁለት ጊዜ ደገሙና መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ቀሩ አለች። እርጅናው ነው መሰል ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ረሳሁትም።

አገር ለቀው ሲሄዱ በዚህ በረንዳ ነው ያለፉት። ሚስታቸው በእግር፣ መጻሕፍቱ በቅሎ ላይ፣ ከመጻሕፍቱ መሃል አንዲት ትንሽ ልጃቸው። ያሰፉትን እጀ ጠባብ ሊወስዱ ቆሙ። የሰፋሁት እኔ ነበርኩ። ጨርቁን ከእጄ ተቀበሉ፣ ጣቶቼን አዩ፣ ጥፍሬ ሥር ያለውን አዩ፣ ከዚያ ዐይኔን አዩ።

«እጅህን ታጠብ፣ ልጄ» አሉኝ።

ስለ መኪናዬ ዘይት ያሉኝ መሰለኝ። እጀ ጠባቡን ለልጂቱ አስያዟትና ጉናን ዞረው ወደ ጋይንት ሄዱ።

ማክሰኞ ይኸ ሁሉ በአንድ ዚፕ ጊዜ ውስጥ አለፈብኝ። ቦርሳውን ጨርሼ ሰጠኋት፣ እሷ ግን አልተነሣችም። ስለ ቀጭን ውሃ ሽማግሌዎችን ጠይቄ ነበር አለችኝ፤ ሁሉም አንድ ደብተራ ጨረሳቸው ይላሉ፤ ስሙን ሳይቀር እስከዛሬ ይዘውታል፤ ልጆች እንኳ ሲጣሉ የጥበቡ ዘር እየተባባሉ ይሰዳደባሉ። ይኸን ስሰማ ደነገጥኩ። ስሙ ከሳቸው ጋር ጉናን ተሻግሮ የቀረ፣ የሞተ ይመስለኝ ነበር። ሰው ጊዜ ሲያልፍ ይረሳል የሚባለው ለኔ ብቻ ነው የሠራው።

«ደብተራው አያቴ ናቸው» አለችኝ ትግስት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የእናቴ አባት። እዚህ ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ በሕይወቷ የምትፈልገው ነገር አንድ ነው፣ አባቷ እንዳላደረጉት ማወቅ። እኔ ደግሞ የውሃ ትምህርት የተማርኩት በሷ ምክንያት ነው። ግን አድርገውታል፣ ጋሼ። ራሳቸው ጽፈውታል።»

ስልኳን አውጥታ ከአያቷ ደብተር ያነሣችውን ፎቶ አሳየችኝ። መነጽሬን አደረግኩ። ፊደሉ ቀጥ ያለ የመሪጌታ ፊደል ነው። የመጀመሪያው መስመር፣ አዳነ ወልደ አትጠገብ፣ ሸርጣን ማይ ይላል፤ በቀይ ቀለም ተሰርዟል። ከሥሩ፣ አዳነ ወልደ ደብሪቱ፣ ሚዛን ነፋስ። ከዚያ በታች፣ ለብቻው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሌላ የለም።

«ከላይ ያለው ኮከብ የቆጠሩለት ሰው ነው፤ ያ አይደለም ዋናው» አለችኝ። «ታችኛውን ይዩት። እናቴ ይኸን ስታነብ ነው ያደገችው።»

ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ዘመን ሲገለበጥ፣ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ሰው ሲመጣና ሲሄድ። እንደዚያች ደቂቃ ግን ደንግጬ አላውቅም። ነፋስና እሳት ይስማማሉ፤ ይኸን የማያውቅ የለም። አስካል የኔ ነበረች። ሸርጣን ኮከቤ አልነበረም፤ አንድ ጅረት ሙሉ ፍጥረት የጨረስኩት የኔ ባልሆነ ኮከብ ነው። ይኸ ግን ትንሹ ነው። ማጥፋት የምንለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል፤ ሰው ሲሳሳትም አጠፋሁ ይላል፣ ሲያወድምም አጠፋሁ ይላል። መሪጌታ ይኸን የጻፉት ስለ ሸርጣን አይደለም። ስለ ስሌቱ ነው። ሸርጣን ላይ ማን ቂም ይይዛል ብለው ሲያስቡ፣ ኮከብህ ሸርጣን ነው የተባለው ልጅ ትዝ ብሏቸዋል፤ እናቱን ጠይቀዋል፤ የተሰጣቸው ስም የሙሽራ ስም መሆኑን አውቀዋል። ያን ቀን ነው ዝም ያሉት። የልጁን ኑሮ ያበላሸሁት እኔ ነኝና የሱን በደል እኔ ልሸከም ብለው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ንስሐቸው አድርገው ተሸክመውት ሄዱ። እኔንም ያውቁ ነበር። እጅህን ታጠብ ያሉኝ ለመኪና ዘይቱ አልነበረም።

«ልጄ» አልኳት፣ «አዳነ ወልደ ደብሪቱ የሚለው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ አቡጀዲውን፣ ሐሙሲትን፣ ከረጢቱን፣ ድንጋዩ ላይ የተራገፉትን የኑግ ፍሬዎች፣ እጅህን ታጠብ ያሉኝን። ስጨርስ ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። ብልቃጡን ከጠረጴዛዬ ላይ አንሥታ ደረቷ ላይ ያዘችው፣ ከኔ የምታሸሸው ይመስል።

«አያቴ ጋይንት የሞቱት የሚቀብራቸው ማኅበር ሳይኖራቸው ነው» አለችኝ። «እርስዎ ይኸን ሁሉ ጊዜ እዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር።»

አዎ አልኳት። ልጅ ነበርኩ ማለት አማረኝ፤ ልጅነቴ ግን ካበቃ ስንት ዘመኑ። ሻይ ቤቱ የነበረበት አሁን የስልክ መጠገኛ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ዘፈን ብቻ ይሰማል፤ ቃሉን አላውቀውም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ በማሉበት ቦታ ቆሜ ለሕዝቡ እናገራለሁ አልኳት። እሱ የርስዎ ነው አለችኝ። ከሌላው ጅረት ሸርጣን አምጥተን እንመልስ ይሆን ብዬ ጠየቅኳት፤ እንዲሁ በባልዲ ተጭኖ አይሆንም፣ ይታሰብበታል አለች፤ እንዲያውም አሁን ውሃው ራሱ መጀመሪያ መጽዳት አለበት። ድምፅዋ ያስተማሪ ድምፅ ሆኖ ነበር። የኔን ነገር ወደ ሥራዋ አስገብታ ልትቋቋመው ስትሞክር ገባኝ።

ከዚያ ተነሥታ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ስልኳን ከፈተች፣ ጥቂት ነካካች፣ ጆሮዋ ላይ ሳታደርገው የስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ፣ ብልቃጡ በነበረበት ቦታ አኖረችው። «እኔ አልነግራትም» አለችኝ። «የርስዎ አፍ ይንገራት።»

ስልኩ ጮኸ። ቆይቶ አንዲት ሴት አነሣች፤ ድምፅዋ የጋይንት ነው፣ ጎልማሳ፣ ትንሽ የደከመ። በመጻሕፍት መሃል እጀ ጠባብ ይዛ በቅሎ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት።

«ማን ልበል?» አለች።

ስሜን ለዚህ ሁሉ ዘመን ስጽፈው፣ ስፈርምበት፣ ስጠራበት ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

«አዳነ እባላለሁ» አልኳት። «የደብሪቱ ልጅ።»

በወዲያኛው በኩል ትንፋሿ ሲቆም ሰማሁት።